ከ7517 ጋር ትውውቅ

7517 ባለፉት ዓመታት በየቤታችን ያለፈ ቁጥር ነው። 2017 ዓ.ም. ሲብት የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ሊቃውንት 5500ውን ዓመተ ኩነኔ ደምረውበት ዓመተ ዓለሙን 7517 ብለዋል። ቀናቸው በየዓመቱ የሚለዋወጠው በዓላት ሁሉ የወጡት ከዚህ ቁጥር ነው።

7517 ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። ጋምቤላ አጠገብ ጀዊ ያለ የሒሳብ መምህር ይህን ለተማሪዎቹ ለማሳየት ጠጠር ይበቃዋል። 7518 ጠጠር በ42 ረድፍ፣ በየረድፉ 179 ሆኖ እኩል ይደረደራል። ከዚያ አንዲት ጠጠር ብቻ አንሱ። የቀሩት ከአንድ ረጅም መስመር በቀር በምንም እኩል ረድፍ አይገቡም።

ለማረጋገጥ እስከ 7516 ድረስ መልፋት አያስፈልግም። 87 በ87 ሲባዛ 7569 ነው፤ ቁጥራችንን አልፎታል። ስለዚህ 7517 ከ1ና ከራሱ ሌላ አካፋይ ቢኖረው ኖሮ አንዱ ከ87 ያነሰ በሆነ ነበር። ከ2 እስከ 83 ያሉትን 23 ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር በቂ ነው፤ ሁሉም ቀሪ ያስቀራሉ። 2017ም ራሱ ብቸኛ ቁጥር መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ትምህርት ቤት ቀሪ ሲመጣ ተማሪው የተሳሳተ ይመስለዋል። በባሕረ ሐሳብ ግን መልሱ ቀሪው ነው። 7517 ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 1 ይተርፋል፤ ተረፈ 1 ዘመነ ማቴዎስ ነው። 1879ኙ በ7517 ላይ ተደምሮ በ7 ሲገደፍ (ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ሲያዝ) 2 ይቀራል፤ መስከረም 1 ረቡዕ ዋለ ማለት ነው። 7517 በ19 ሲገደፍ 12 ይቀራል፤ አንዱ ለዘመኑ ተትቶ ወንበር የሚባለው ቁጥር 11 ይሆናል። 11 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 29 ይወጣል። መጥቅዑ የሚውልበት መስከረም 29 ረቡዕ ስለሆነ የረቡዕ ተውሳክ (ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር) 4 ይጨመርበታል፤ 33 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ መባጃ ሐመሩ 3። ጾመ ነነዌ የካቲት 3፣ ፋሲካም ሚያዝያ 12 ቀን ውሏል።

ይህ ስሌት በትውፊት የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ ነው ይባላል። ብቸኛ ቁጥሮችን የማንጠሪያውን ዘዴ ያወጣው ኤራቶስቴንስም ከእርሱ በፊት የኖረው በዚያችው ከተማ ነበር።

የወንበሩ 19 ዓመት ከ28ቱ የዕለትና የወንጌላውያን ዙር ጋር ሲባዛ 532 ይሆናል። 19ና 28 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ሁለቱ ዙሮች ከ532 ዓመት በፊት እኩል አይገጥሙም። ስለዚህ ከ2017 532 ዓመት ቀድሞ በ1485 ዓ.ም. ፋሲካ የሚወጣው ሚያዝያ 12 ነው፤ በ2549ም እንዲሁ።

የሒሳብ መምህራን፣ ማካፈልን ስታስተምሩ ይህን ስሌት ለልጆቹ አንድ ቀን በሰሌዳ ላይ ሥሩላቸው። የያዝነውን ዓመት ስጧቸውና ፋሲካውን ራሳቸው ያውጡት።