የመቐለ ዲሽና የመቐለ ስልክ

ባለ 32 ኢንች ኤልኢዲ ቴሌቪዥን ከነሪሲቨሩ 60 ዋት አካባቢ ይበላል። 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት ተብሎ የተጻፈበት የስልክ ባትሪ ደግሞ ጢም ብሎ ሲሞላ የሚይዘው ጉልበት 19 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ያንን ባትሪ በሆነ ዘዴ ከቴሌቪዥኑ ጋር ብናገናኘው ሃያ ደቂቃ እንኳ በቅጡ አያቆየውም። በራሱ በስልኩ ላይ ግን ለብዙ ሰዓታት ቪዲዮ ያሳያል። መብራት መጣ፣ መብራት ሄደ በሚባልበት አገር ይህ ስሌት ከስክሪኑ ስፋት ይልቅ ያመዝናል። ስለ መቐለ ስናወራ ደግሞ መብራት ብቻ አይደለም የሄደው።

በመጀመሪያ ስለ ዲሹ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ በኋላ አገሩ ለረጅም ዘመን የኖረው በአንድ ጣቢያ ነው። ምርጫ ያመጣው የሳተላይት ሰሃን ነው። እነ ኢቢኤስ መጡ፤ በ2008 ደግሞ ቃና የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ እያሰማ ከየሳሎኑ ገባ። መቐለም የራሷን ያዘች፦ ትግራይ ቴሌቪዥንና በ1977 በትጥቅ ትግሉ ጊዜ በሬዲዮ የተጀመረው ድምፂ ወያነ። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ከናይልሳት ለቀው ኢትዮሳት ወደሚባለው የስርጭት መድረክ፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወደሚገኝ ሳተላይት ሲዛወሩ ሰሃኖች ሁሉ ፊታቸውን ማዞር ነበረባቸው። ያኔ አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ «መጣ?»፣ ሌላው ከሳሎን «ሄደ! ትንሽ መልሰው!» ሲባባሉ ያልሰማ ሰፈር ያለ አይመስለኝም።

ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ምልክቱን ወደ ታች ይለቀዋል። ማን እንደሚቀበለው አያውቅም፤ አንድ ቤት ቢያየውም ሚሊዮን ቤት ቢያየውም ለጣቢያው ወጪው ያው ነው። ስልክ እንዲህ አይደለም። ዩቲዩብ ለእያንዳንዱ ተመልካች ለብቻው ይልካል፣ ዳታውም ከእያንዳንዱ ኪስ ይቆረጣል። በዝቅተኛው በ144 ጥራት አንድ ሰዓት ማየት 100 ሜጋባይት አካባቢ ይወስዳል፤ በ720 ከሆነ ወደ አንድ ጊጋባይት ይጠጋል፣ አንዳንዴም ያልፋል። የፊት ገጽታ ሳይለይ ድራማ የሚያይ ሰው ካጋጠማችሁ ዓይኑ ደክሞ ሳይሆን ፓኬጁን እየቆጠበ ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱ ግን ከብር ያልፋል። ዲሽን ከሩቅ ሆኖ መዝጋት ከባድ ነው፤ ስልክን መዝጋት ቀላል ነው። መቐለ ይህን ያወቀችው በጥቅምት 2013 የትግራይ ጦርነት ሲጀመርና ኔትወርኩ ሲቋረጥ ነው። በኋላ የስልክ ጥሪ ቢመለስም ለሕዝቡ ኢንተርኔት አልተለቀቀም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ሲጀምር ከተማዋ ከዚያ ዓለም ውጭ ነበረች፤ በቀጣዩ ወር፣ በሰኔ፣ ጥሪውም ጠፋ። በቀሪው አገር ሰው በስልኩ መክፈልና መላክ ሲለምድ፣ እዚህ ስማርት ስልክ ማለት ባትሪ፣ ካሜራና ቀድሞ የተጫነው ነገር ብቻ ሆነ። ዲሹ ግን መብራት እስካገኘ ድረስ ከውጭ የሚመጣውን ይቀበላል፤ ለዚህ የማንንም ኔትወርክ አይለምንም። «ቴሌቪዥን አረጀ» የሚለውን ወሬ በሰማሁ ቁጥር የማስበው ይህን ነው።

ስልክ ያለ ኔትወርክ ጨርሶ ይሞታል ማለትም አይደለም። ዜንደርን የመሰሉ መተግበሪያዎች በሁለት ስልኮች መካከል የራሳቸውን ዋይፋይ ስለሚፈጥሩ ፊልምም ዘፈንም ያለ ኢንተርኔት ከእጅ ወደ እጅ ያሻግራሉ። ሚሞሪ ካርድ የሚገባበት ቦታ ያለው ስልክ እስካሁን ፈላጊ ማጣቱን የምጠራጠረውም ለዚህ ነው። ውድ የሚባሉት አዳዲስ ሞዴሎች ይህን ቀዳዳ እያጠፉት መሆኑን እንደ እድገት ለመቁጠር እቸገራለሁ።

በጥቅምት 2015 ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ባሉት ወራት መብራቱም፣ ስልኩም፣ ኢንተርኔቱም በተራ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም መቐለ ገብቷል። ስለዚህ ሁለት ሲም መያዝ ቅንጦት መሆኑ ቀርቶ አንዱ እምቢ ሲል ወደ ሌላው መሸሻ ሆኗል። እንደ ቴክኖ ያሉ ብራንዶች በአገራችን ገበያ የገነኑት በዚህ ጠባያቸው ነው፦ ሁለት ሲም፣ ትልቅ ባትሪ፣ የማያስደነግጥ ዋጋ።

ከሁሉ በላይ የተለወጠው የሚታየው ነገር ነው። በብሔራዊው ጣቢያ ትግርኛ በሰዓት የተመጠነ ቋንቋ ነበር። በዩቲዩብ ግን ቀኑን ሙሉ አለ፤ ከአስመራ የተነሣ ኮሜዲ፣ አውሮፓ ላይ የተቀረጸ ዘፈን፣ በውጭ የሚኖሩ ተወላጆች ያቋቋሙት ትግራይ ሚዲያ ሃውስ፣ የመቐለዎቹ ጣቢያዎች ራሳቸው ከሳተላይቱ ጎን ለጎን የሚጭኑት ዜና። ድንበርና ፖለቲካ የለያየው ተናጋሪ ሁሉ በአንድ የአስተያየት መስጫ ሥር ይገናኛል፤ መሰዳደቡም እዚያው ነው።

እግር ኳሱ ብቻ ሰውን አሁንም ሰብሰብ ያደርጋል። መቐለ 70 እንደርታ በ2011 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አንሥቶ ነበር። ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ የጀመረው በ2013 ነው፤ የትግራይ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት በሌሉበት ዓመት። እነርሱ ወደ ሊጉ የተመለሱት በ2017 ነው። በዚህ መካከል ጎሎችን በቴሌግራም ቆርጦ መላላክ ተለምዷል። ኳስ ቤት ገብቶ ትልቁን ስክሪን እያየም በእጁ የሌላውን ሜዳ ውጤት የሚከታተል አለ፤ የውርርድ ትኬት ያለው ደግሞ ቀና የሚለው ጎል ሲገባ ብቻ ነው።

ቴሌቪዥን መግዛቱ አልቀረም፤ የሚገዛው ግን ስማርት የሚባለው ነው። ቤት ውስጥ የዋይፋይ መስመር ከሌለ ሆትስፖት የሚከፍትለት ስልኩ ነው። ስለዚህ ቴሌቪዥን ሊገዛ የሄደ ሰው ከኢንቹ በፊት የስልኩን ፓኬጅ ቢያሰላ ይሻለዋል፤ በ144 የለመደ ዓይን በ43 ኢንች ላይ በ144 ማየትን አይችልም፣ 720 ይጠይቃል፤ በየምሽቱ ሁለት ሰዓት ካየ ደግሞ በወር 60 ጊጋባይት ገደማ ነው።