ተጨማሪ መረጃ፦ የጥርስ ሕክምና በሌዘር ለማን ይበጃል?

የሌዘር ሕክምና ለምን እንደሚያገለግል በዋናነት የሚወስነው በሰውነት ውስጥ ብርሃኑን የሚመጥጠው ነገር ነው። ኤርቢየም ያግ የተባለው ሌዘር የሞገድ ርዝመቱ 2,940 ናኖሜትር ሲሆን፣ ይህን ብርሃን ውኃ አጥብቆ ይመጥጠዋል። የተበላ ጥርስ ከጤነኛው ይበልጥ ውኃ አለው፤ ውኃው በቅጽበት ተንኖ ሲስፋፋ የበሰበሰውን ክፍል ፈነቃቅሎ ያወጣዋል። አብሮ የሚረጨው ውኃ ደግሞ ጥርሱ እንዳይግል ይጠብቀዋል። ሌዘሩ የመሰርሰሪያ ንዝረት ስለሌለው፣ በተለይ ለሚፈሩ ልጆችና ትንሽ ቀዳዳ ላለባቸው ሰዎች ይመቻል። ዳዮድ ሌዘር በበኩሉ ድድ ሲቆርጥ ደም ሥሮችን እየዘጋ ስለሚሄድ መድማትን ይቀንሳል።

«ታዲያ መሰርሰሪያው ለምን አይቀርም?» የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። ሌዘር የቆየ የአማልጋም (የብረት ቅይጥ) ሙሌትን ለማውጣት አያገለግልም፤ ጥርስን ለክራውን (ለጥርስ ሽፋን) ለመሞረድም መሰርሰሪያው ይፈጥናል። ጨርሶ አያምም የሚለው አባባልም የተጋነነ ነው፤ ጥልቅ ቀዳዳ ማደንዘዣ ሊፈልግ ይችላል። ሌዘር ጥንቃቄም ይጠይቃል፤ ሐኪሙም ታካሚውም ለሌዘሩ የሞገድ ርዝመት የተሠራ መከላከያ መነጽር ማድረግ አለባቸው። መሣሪያው ውድ በመሆኑ ክፍያውም ከፍ ሊል ስለሚችል፣ ታካሚው ከመስማማቱ በፊት ሌዘሩ ለእሱ ጥርስ ከመሰርሰሪያው በምን እንደሚሻል ሐኪሙን ሊጠይቅ ይገባል።