መረጃ መቼ ማስረጃ ይሆናል? ስለ ስለላ ቃላት አጭር ማብራሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐይቅና በአምባሰል ገጠሮች ቃላት ለመልቀም ተሰማርቼ ሳለሁ፥ አንድ አዛውንት የእርሻ ዕቃ ስሞችን ይነግሩኝ ነበር። ጥያቄዬ ከዕቃው ወደ ባለዕቃው ሲሻገር፥ ይኸውም ሞፈሩን ማን እንደ ጠረበው፥ ጠራቢውም ዛሬ የት እንዳለ ስጠይቅ፥ ዝም አሉ። ቆየት ብለውም «ልጄ፥ ቃሉን ውሰድ፤ ሰውየውን ተው» አሉኝ። ደብተሬን አጠፍሁ።

የመዝገበ ቃላት አዘጋጅም ሰላይም ከሰው አፍ ይለቅማሉ። ልዩነቱ ተናጋሪው ለማንና ለምን እንደሚናገር ማወቁ፥ ሲሻም እንቢ ማለት መቻሉ ነው። ቋንቋችን ይህን ልዩነት ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። «ቃኘ» በግልጽ የሚታየውን ዞሮ ማየት ነው፤ በገበያ የሚነገረውን መስማትም ከዚሁ ይመደባል። «ሰለለ» ግን ራስን ሰውሮ ማየት ነው፤ ግዕዙ ሰላዮችን «ሰብአ ዐይን» ይላቸዋል። የሰው ወሬ ለቃቅሞ ለሹም የሚያቀብለውን ሕዝቡ «ጆሮ ጠቢ» ብሎታል፤ ስድብነቱ በቃሉ ውስጥ አለ። «አወጣጣ» የሚለው ከሰው ልብ ያለውን በዘዴ መሳብ ነው። ከዚሁ «ወጣ» ከሚለው ሥር የተገኘው «አውጫጭኝ» ደግሞ ወንጀል በተሠራ ጊዜ የአገሩ ሰው በአንድነት ተሰብስቦ የሚያውቀውን የሚያወጣበት ጉባኤ ነበር። አውጫጭኝ ሰውን ከሥራው ስለሚያውል ቅሬታ ያስነሣ ነበር፤ ሆኖም የሚጠየቀው ሰው እየተጠየቀ መሆኑን ያውቃል።

ማስገደድ ሲጨመርበት ነገሩ ሌላ ነው። በአምባሰል የምትገኘው ግሸን የነገሥታት ልጆች በግዞት የሚጠበቁባት አምባ በነበረችበት ዘመን፥ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አገራችንን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ፥ ከልዑላኑ ደብዳቤ አመጣ የተባለ አንድ መነኩሴና የአምባው ጠባቂዎች እየተገረፉ ይጠየቁ እንደ ነበር ጽፏል። ዛሬ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ እንዳይሆን ከልክሏል። የደብዳቤንም ነገር የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ከታወጀ አስቸኳይ ጊዜ በቀር እንዳይመረመር አድርጎ ነበር፤ የ1987ቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፥ ከደብዳቤ ጋር የስልክ ግንኙነትን ጭምር፥ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ርእሳችን እንመለስ። «መረጃ» «ተረዳ» ከሚለው ወጥቷል፤ ሰው ራሱ የሚረዳበት ነው። «ማስረጃ» ግን ከ«አስረዳ» ነው፤ ለሌላው፥ በተለይም ለዳኛ፥ የሚያስረዱበት። በመካከላቸው ያለችው «ስ» ትንሽ ብትመስልም ድንበር ናት። ምንጩን መግለጥ የማይሻ ሰው «ወፍ ነገረችኝ» ይላል፤ ይህ ለጨዋታ ይበቃል፤ ተከሳሽ ግን ወፍን በመስቀለኛ ጥያቄ ሊጠይቃት አይችልም። የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 በአንቀጽ 23፥ ምንጩና የተገኘበት ዘዴ ያልተገለጠ የመረጃ ዘገባ በማስረጃነት እንዲቀርብ ፈቅዶ ነበር። በእኔ አስተያየት ይህ «ስ»ን ከቃሉ እንደ መፋቅ ነው። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተሽሯል፤ የቃሉ ግራ መጋባት ግን አልተሻረም። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 «የመረጃ ነፃነት» ሲባል ዜጋው ከመንግሥት የሚጠይቀው ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 804/2005 «ብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት» ሲባል ደግሞ መንግሥት ስለ ሌላው የሚሰበስበው ነው። አንድ ቃል ሁለት ተቃራኒ ጎዳናዎችን ይዟል።

ስለሆነም «መረጃ» ለጠቅላላው ዕውቀት ይቅር፤ ለጸጥታ ጉዳይ ተሰብስቦ የተመዘነው «የስለላ መረጃ» ይባል። «ስለላ» ለጆሮ ይከብዳል የሚሉ ባልደረቦች አሉ። መክበዱን አልክድም፤ ቃሉን ለስላሳ ብናደርገው ሥራው አይለሰልስም። ከምንጩ አንጻርም «የአደባባይ ምንጭ» እና «የሰው ምንጭ» ተብሎ ይከፈል። ለሁለተኛው በሚሰጠው ፍች ውስጥ፥ ምንጩ ዐውቆ የተናገረ ወይስ ሳያውቅ የተወጣጣ መሆኑን የሚለይ ሐረግ እንዲገባ ለቃላት ኮሚቴው አቀርባለሁ።