የናይሮቢ የኪራይ መኪና ሲጎዳ ካሳውን ማን ይከፍላል?

በሞያሌ በኩል እንስሳ አሻግሮ ናይሮቢ የደረሰ ነጋዴ ሥራው በአንድ ገበያ አያልቅም። የፍየሉ ገዢ ኪያማይኮ፣ የበሬው ገዢ ንጂሩ ወይም ዳጎሬቲ፣ ሂሳብ የሚተሳሰበው ሰው ደግሞ ኢስሊ ሊሆን ይችላል። ለጥቂት ቀናት መኪና መከራየት ጊዜና ድካም ይቆጥባል። የኪራዩ ዋጋ አስቀድሞ ስለሚታወቅ በጉዞው ወጪ ውስጥ በቀላሉ ይገባል። ያልታሰበው ወጪ የሚመጣው መኪናው ሲጋጭ፣ ስፖኪዮው ሲሰረቅ ወይም በምሽት መንገድ ውስጥ የገባ ከብት ሲገጭ ነው። «መኪናው ሙሉ ኢንሹራንስ አለው» የሚለው የአከራዩ ቃል የሚፈተነው ያን ጊዜ ነው። የአንድ ጭነት ትርፍ በዚያ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል።

የመድን ውሉ የማን ነው?

በቦረናና በማርሳቢት ብዙ ሰው የሚያውቀው መድን የግጦሽ ጠቋሚ መድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በማርሳቢት፣ በ2012 ደግሞ በቦረና የተጀመረው ይህ መድን የሚከፍለው ሳተላይት የግጦሹን አረንጓዴነት ለክቶ ከተወሰነው መጠን በታች ሆኖ ሲገኝ ነው። የከብቱ ባለቤት የሞተ ላም ማሳየት፣ ምስክር መጥራት ወይም ደረሰኝ ማቅረብ አይጠበቅበትም። የመኪና መድን የዚህ ተቃራኒ ነው። የሚከፍለው ጉዳቱ፣ ጉዳቱ የደረሰበት ሁኔታና የጥገናው ዋጋ በሰነድ ሲረጋገጥ ብቻ ነው።

በኪራይ መኪና ላይ ሌላም ልዩነት አለ። የመድን ውሉ የተፈረመው በመኪናው ባለቤትና በመድን ሰጪው መካከል ነው፤ ተከራዩ በውሉ ውስጥ የለም። ካሳ የሚጠይቀውም የሚቀበለውም ባለቤቱ ነው። ተከራዩን የሚያስረው የፈረመው የኪራይ ውል ነው። ስለዚህ መድን ሰጪው «አልከፍልም» ካለ ባለቤቱ ፊቱን የሚያዞረው ወደ ተከራዩ ነው።

ሦስት የተለያዩ ሽፋኖች

የመጀመሪያው የሦስተኛ ወገን መድን ነው። በኬንያ ሕግ ምዕራፍ 405 መሠረት ማንኛውም መኪና ይህ መድን ሳይኖረው መንገድ ላይ መውጣት አይችልም። አስገዳጁ ሽፋን የሰው ሞትንና የአካል ጉዳትን የሚመለከት ሲሆን ለአንድ ሰው እስከ 3 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ይደርሳል። በኢትዮጵያ ግን አዋጅ ቁጥር 799/2005 የንብረት ጉዳትንም በአስገዳጁ ሽፋን ውስጥ አስገብቷል። ከኢትዮጵያ የሄደ ነጋዴ በኬንያም እንዲሁ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። በኬንያ የሌላ ሰው ንብረት፣ መንገድ ላይ የተገጨ ላምም ጭምር፣ የሚሸፈነው በመድን ውሉ ላይ ከተጨመረ ነው። በሁለቱም አገር አስገዳጁ መድን የተከራዩትን መኪና አያስጠግንም።

ሁለተኛው በተለምዶ «ሙሉ ኢንሹራንስ» የሚባለው ነው። ይህ በራሱ በመኪናው ላይ የደረሰውን ጉዳት ይሸፍናል፤ ሆኖም የመጀመሪያውን ድርሻ ሳይከፍል ያስቀራል። ይህ ድርሻ ኤክሰስ ይባላል። አከራዮች አብዛኛውን ጊዜ ኤክሰሱን በኪራይ ውላቸው ወደ ተከራዩ ያስተላልፉታል።

ሦስተኛው በቀን ተጨማሪ ክፍያ የሚሸጠውና ሲዲደብሊው ተብሎ የሚጠራው ነው። ስሙ መድን ቢመስልም በመሠረቱ አከራዩ ከተከራዩ የሚጠይቀውን ገንዘብ ለመቀነስ ወይም ለመተው የሚገባው ቃል ነው። ጎማ፣ መስታወትና የመኪናው የታችኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ከዚህ ቃል ውጭ ይሆናሉ።

ሂሳቡ እንዴት ይሠራል?

ለማስረዳት ያህል የመኪናው ዋጋ 2 ሚሊዮን ሽልንግ፣ ኤክሰሱ ደግሞ የዋጋው 5 በመቶ ማለትም 100,000 ሽልንግ ነው እንበል። ጥገናው 180,000 ቢፈጅ መድን ሰጪው የሚከፍለው 80,000 ነው። መኪናው ጋራዥ 10 ቀን ቢቆይና አከራዩ ለቆመበት በቀን 6,000 ቢያስከፍል 60,000 ይጨመራል። የተከራዩ ዕዳ 160,000 ይሆናል። 50,000 አስይዞ ከነበረ ገና 110,000 ይቀርበታል።

ጥገናው 70,000 ብቻ ቢሆንስ? ከኤክሰሱ በታች ስለሆነ መድን ሰጪው ጉዳዩ ውስጥ አይገባም። ወጪው በሙሉ በተከራዩ ላይ ያርፋል፣ የሚገምት ገለልተኛ ባለሙያም አይመጣም። እንዲህ ባለ ጊዜ ተከራዩ ከሌላ ጋራዥ ሁለተኛ የዋጋ ግምት ማምጣትና የከፈለበትን ደረሰኝ መያዝ አለበት። የተሰበረ ስፖኪዮና የተጫረ ፓራውልት አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቁት በዚህ መንገድ ነው።

ቁልፉን ከመቀበል በፊት

ትልቁ አደጋ መኪናው የተመዘገበበት የመድን ዓይነት ነው። ለግል መጠቀሚያ ተብሎ መድን የተገባለት መኪና በኪራይ ላይ እያለ ቢጋጭ፣ መድን ሰጪው «ከተፈቀደው አገልግሎት ውጭ ነው» ብሎ ካሳውን ሊከለክል ይችላል። በደላላ በኩል በርካሽ የተገኘ መኪና ከሆነ ይህን መጠየቅ ይበልጥ ያስፈልጋል። የመድን ምስክር ወረቀቱ መኪናው ለኪራይ መዋል መቻሉን ማሳየት አለበት። የመኪናው ባለቤት ማን እንደሆነ ደግሞ በታርጋ ቁጥሩ ከኬንያ የትራንስፖርትና ደኅንነት ባለሥልጣን ማጣራት ይቻላል። ሊብሬው፣ በኬንያ አጠራር ሎግቡኩ፣ በሌላ ሰው ስም ከሆነ አከራዩ ውክልናውን ማሳየት ይኖርበታል።

የሚያሽከረክሩ ሰዎች ሁሉ ስማቸው በውሉ ላይ መስፈር አለበት። ስሙ ያልተጻፈ ሸሪክ መኪናውን ይዞ ሲጋጭ ሽፋኑ ሊቀር ይችላል። በኬንያ የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ በቀኝ የለመደ ሰው መጀመሪያ ልምምድ ያስፈልገዋል። መንጃ ፈቃዱ በኬንያ ተቀባይነት እንዳለውም አስቀድሞ ይጠየቅ። በፓስፖርትና በመንጃ ፈቃድ ላይ ያለው የስም አጻጻፍ አንድ መሆኑ፣ የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ቀን በውሉ ላይ በስህተት አለመግባቱም መታየት አለበት። ቀኑ ከተምታታ ጊዜው ያላለፈበት መንጃ ፈቃድ ያለፈበት ሊመስል ይችላል።

ውሉ ላይ የኤክሰሱ መጠን በቁጥር፣ መኪናው ለሚቆምበት ቀን የሚከፈለው፣ የሚፈቀደው የጉዞ ክልልና የጭነት ክልከላ መጻፍ አለባቸው። በኪራይ ፒክአፕ ላይ ሁለት በግ መጫን ትንሽ ነገር ቢመስልም ውሉ ከከለከለው ለመከልከያ በቂ ምክንያት ነው። መኪናው ዙሪያውን በስልክ ቪዲዮ ይቀረጽ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ግጭት ሲደርስ

የኬንያ የትራፊክ ሕግ፣ ምዕራፍ 403፣ በሰው፣ በተሽከርካሪ ወይም በእንስሳ ላይ ጉዳት ያደረሰ አሽከርካሪ እንዲቆም ያዛል። ሲጠየቅ ስሙንና አድራሻውን፣ የመኪናውን ባለቤትና ታርጋ መስጠት አለበት። ይህን ካላደረገ በተቻለው ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ለፖሊስ ማመልከት ይኖርበታል።

መኪናዎቹ ከመነሳታቸው በፊት ፎቶ ይነሳ። የሌላው መኪና ታርጋ፣ የመድን ምስክር ወረቀትና የአሽከርካሪው ስልክ ይያዝ። አከራዩ ወዲያውኑ ይነገረው፤ የዘገየ ማስታወቂያ ለመድን ሰጪ የመከልከያ ምክንያት ነው።

በአርብቶ አደሩ ባህል የሰው ላም የገጨ ሰው ከሽማግሌ ጋር ተቀምጦ እዚያው ካሳ ይከፍላል። ለሰላም መልካም ነው፤ በመድን በኩል ግን ችግር አለው። ብዙ የመድን ውሎች ያለ መድን ሰጪው ፈቃድ ጥፋት ማመንንና ካሳ መክፈልን ይከለክላሉ። ስለዚህ ከመስማማት በፊት ለአከራዩና ለመድን ሰጪው መደወል ይቀድማል። መክፈል ግድ ከሆነ መጠኑና ምክንያቱ ተጽፎ በምስክር ይፈረም፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚል ቃል ግን አይግባበት።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው ፖሊስ አብስትራክት የሚባለው የአደጋ ማስረጃ ነው፤ ያለ እሱ የካሳ ጥያቄ አይንቀሳቀስም። የሚገኘው አደጋው በደረሰበት አካባቢ ካለው ፖሊስ ጣቢያ ነው። ሰዓቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የስዋሂሊ ሰዓት እንደ ኢትዮጵያው ከንጋት ይቆጠራል፣ የጽሑፍ ሰነዱ ግን በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሞላል። ከምሽቱ 2 ሰዓት የደረሰ ግጭት 20:00 ተብሎ መጻፍ አለበት። አብስትራክቱና የካሳ ቅጹ የተለያየ ሰዓት ከያዙ ጥርጣሬ ይነሳል።

ከዚያ በኋላ

የመድን ሰጪው ገማች ሳያየው መኪናው መጠገን የለበትም። ተከራዩ የካሳ ቅጹን፣ የአብስትራክቱን፣ የገማቹን ሪፖርትና የጋራዡን ደረሰኝ ቅጂ ይጠይቅ። ኤክሰሱን ሲከፍል በኤምፔሳ ወይም በባንክ፣ ለድርጅቱ ሂሳብ እንጂ ለግለሰብ ስልክ አይሁን። አከራዩም ኤክሰሱን መቀበሉን በጽሑፍ ይስጥ። ጥፋቱ የሌላው አሽከርካሪ ከሆነ ነጋዴው የከፈለውን ከዚያኛው ወገን ለማስመለስ የሚያስችለው ይህ ወረቀት ነው። ጉዳዩ ሳያልቅ ወደ ሞያሌ የሚመለስ ሰው ናይሮቢ ለሚቆይ ዘመድ ወይም ሸሪክ ውክልና ሰጥቶ ቢሄድ ይሻለዋል።

መድን ሰጪው ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ አቤቱታ የሚቀርበው ለኬንያ የመድን ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ነው። ከአከራዩ ጋር በማስያዣ ገንዘብ ላይ የሚነሳ ክርክር ግን የመድን ጉዳይ አይደለም። ለዚህ እ.ኤ.አ. በ2021 ሚሊማኒ ላይ ሥራ የጀመረው የአነስተኛ ክርክሮች ፍርድ ቤት አለ። እስከ 1 ሚሊዮን ሽልንግ የሚደርስ ክርክር ያያል፤ ሕጉም በ60 ቀን እንዲወሰን ይላል።

ድንበር መሻገር ከታሰበ ደግሞ የአከራዩ የጽሑፍ ፈቃድና የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ያስፈልጋሉ። ቢጫ ካርዱ ኬንያና ኢትዮጵያን ጨምሮ በአባል አገሮች የሦስተኛ ወገን ኃላፊነትን ይሸፍናል፤ የራስን መኪና ጉዳት አይሸፍንም።

በመጨረሻ ነጋዴው ኤክሰሱን እንደ ጉዞው የአደጋ ወጪ ይቁጠረው። የጭነቱ ትርፍ ያን ያህል መሸከም ካልቻለ፣ መኪናውን ከነሹፌሩ መከራየት በቀን ቢወደድም ይሻላል። ሹፌሩ የአከራዩ ሠራተኛ ሲሆን የግጭቱ ኃላፊነት በአብዛኛው በአከራዩ ላይ ይቆያል። ይህም ቢሆን በውሉ ላይ መጻፍ አለበት።