ሕፃኑ አለርጂ ሲኖርበት የምታጠባ እናት ምን ትብላ?

ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ሰገራው ላይ ደም ሲታይ ወይም ፊቱና እጁ በሽፍታ ሲሞላ ቤተሰቡ ሁሉ ይደነግጣል። ምክሩም ከየአቅጣጫው ይመጣል። አንዷ «ወተት ተዪ» ትላለች፤ ሌላዋ እንቁላል፣ ሌላዋ ሽሮ፣ ሌላዋ በርበሬ። እናቲቱም ሁሉንም ሰምታ ሁሉንም ትተዋለች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከደረቅ እንጀራና ከሻይ በቀር የምትበላው አይኖራትም። አቅም ያንሳታል፣ ትከሳለች፣ በመጨረሻም «ልጄን የጎዳው የእኔ ወተት ነው» ብላ ጡት ታስጥላለች።

በአብዛኛው ግን ጡት ማስጣል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የተጠረጠረውን አንድ ምግብ በሐኪም ምክር ለተወሰነ ጊዜ መተው፣ ለውጥ መኖሩን ማየት፣ ከዚያም ምግቡን መልሶ መሞከር ነው። ማንኛውም የሚተው ምግብ የሚመለስበት ቀን አብሮ ሊቆረጥለት ይገባል።

ችግሩ ከየት ይመጣል?

እናት ከበላችው ምግብ ውስጥ እጅግ ጥቂት ፕሮቲን ወደ ጡቷ ወተት ያልፋል። አብዛኞቹን ሕፃናት ይህ ምንም አያደርጋቸውም። ጥቂቶቹን ግን ሆዳቸውን ወይም ቆዳቸውን ያስቆጣል። ብዙ ጊዜ የችግሩ ምንጭ የላም ወተት ፕሮቲን ነው፤ አልፎ አልፎም እንቁላል፣ ሶያ ወይም ሌላ ምግብ ይሆናል። አለርጂው ብዙዎች እንደሚያስቡት የተስፋፋ አይደለም። በአሳፍ ሃሮፌ ሆስፒታል የተወለዱ 13,019 ሕፃናትን የተከታተለውና በ2010 የታተመው የእስራኤል ጥናት ፈጣኑን የላም ወተት አለርጂ ያገኘው ከ200 ሕፃናት በአንዱ ላይ ገደማ ነው።

ልቅሶ ወይም የሆድ መነፋት ብቻውን አለርጂ ነው አያሰኝም። ለሐኪም የሚነገሩት ምልክቶች ሰገራ ላይ ደም ወይም ዝልግልግ ነገር መታየት፣ የማይድን የሚያሳክክ ሽፍታ፣ ተደጋጋሚ ትውከትና የክብደት አለመጨመር ናቸው። ሕፃኑ አንድ ነገር ከቀመሰ በኋላ ከንፈሩ ወይም ፊቱ ካበጠ፣ መተንፈስ ካቃተው ወይም ሰውነቱ ከዛለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ወዲያውኑ ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም በ101 ይደወላል።

ሙከራው እንዴት ይካሄዳል?

የመጀመሪያው በር የኩፓት ሆሊም የሕፃናት ሐኪም ነው፤ የጢፓት ሐላቭ ነርስም ክብደቱንና ዕድገቱን ትከታተላለች። ሐኪሙ የላም ወተትን ከጠረጠረ እናቲቱ ወተትና የወተት ተዋጽኦን ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት እንድትተው ይነግራታል። በየቀኑ የበላችውንና በሕፃኑ ላይ ያየችውን በአጭሩ ብትጽፍ ለሐኪሙም ለእርሷም ይጠቅማል። ቀደም ብላ አልባ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀመጠችው ወተት ካለ ቀኑን ጽፋ ለብቻው ታቆየው፤ በሙከራው ጊዜ ለሕፃኑ አይሰጥም።

ለውጥ ካልታየ ምግቡ ወደ ማዕድ ይመለሳል። ብዙ እናቶች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፦ ወተቱን እንደተዉት ሌላ ምግብ ይጨምሩበታል፣ ከዚያም ሌላ። ለውጥ ከታየም ሐኪሙ ወተቱ ተመልሶ እንዲሞከር ያዛል፤ ምልክቱ በራሱ ጊዜ ጠፍቶ ሊሆን ይችላልና። ሲሞከር ምልክቱ ከተመለሰ አለርጂው ተረጋገጠ ማለት ነው። ፈጣንና ከባድ ምልክት ያሳየ ሕፃን ላይ ግን ቤት ውስጥ ምንም አይሞከርም።

የምስራች የሚሆነው ይህ ነው፦ ችግራቸው ሰገራ ላይ ደም መታየት ብቻ የነበረ ሕፃናት አብዛኞቹ አንድ ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ይተዋቸዋል።

ወተት በእኛ ማዕድ ውስጥ

ወተት፣ እርጎ፣ አይብና አሬራ ግልጽ ናቸው። የሚረሳው ንጥር ቅቤ ነው። ቅቤ ተነጥሮ ቢጠራም ጥቂት የወተት ፕሮቲን ይቀርበታል። ሥጋና ወተት በማይቀላቀልበት ቤት ዶሮ ወጥና ሥጋ ወጥ በዘይት ስለሚሠሩ ችግር የለባቸውም። ቅቤው የሚገባው በሽሮው፣ በአልጫው፣ በቂንጬው፣ ከሁሉም በላይ በአራስ ገንፎው መካከል ነው። ገንፎው አይቅር፤ በቅቤው ፈንታ በዘይት ወይም በተልባ ይሠራላት።

የፍየልና የበግ ወተት ምትክ አይሆኑም፤ ፕሮቲናቸው ከላም ወተት ጋር በጣም ስለሚመሳሰል አብዛኞቹን አለርጂ ያለባቸውን ሕፃናት እነዚህም ያስቆጧቸዋል።

ሱቅ ውስጥ ምን ይነበባል?

ከፍተኛው ስህተት «ለሎ ላክቶዝ» የሚል ወተት መግዛት ነው። ላክቶዝ የወተት ስኳር ነው። ወተት ሆዳቸውን ለሚነፋ አዋቂዎች ይህ ወተት ይመቻል፤ ፕሮቲኑ ግን ሙሉ በሙሉ አለበት። ስለዚህ ለዚህ ሕፃን እናት አይሆንም።

ሁለተኛው «ፓርቬ» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ የካሽሩት ምልክት እንጂ የአለርጂ ዋስትና አይደለም፤ ምግቡ የወተት ምግብ በሚያልፍበት ፋብሪካ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። በማሸጊያው ጀርባ ከምግቡ ይዘት ዝርዝር አጠገብ ያለውን የአለርጂ ማስታወቂያ አንብቡ ወይም አስነብቡ። «ሜኺል ሐላቭ» ማለት ወተት አለበት ማለት ነው። «አሉል ለሃኺል» ማለት ጥቂት ነክቶት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህን ሁለተኛውን ብዙ የሚያጠቡ እናቶች መተው አያስፈልጋቸውም፤ ሐኪሙን ጠይቁ። በዝርዝሩ ውስጥ «አቭካት ሐላቭ» የወተት ዱቄት፣ «ሜይ ግቪና» አጓት፣ «ካዜኢን» ደግሞ የወተት ፕሮቲን ነው። ከ2020 ጀምሮ በምግብ ላይ የሚታየው ቀይ ክብ ምልክት ስለ ስኳር፣ ስለ ጨውና ስለ ስብ እንጂ ስለ አለርጂ አይናገርም።

የጎደለው ይተካ

የምታጠባ እናት ከወትሮው የበለጠ ምግብ ያስፈልጋታል። ከ19 ዓመት በላይ የሆነች እናት በቀን 1,000 ሚሊግራም ካልሲየም ማግኘት አለባት፤ ወተትን ስትተው ዋናውን ምንጭ አጣች ማለት ነው። ደግነቱ ጤፍ ከስንዴና ከሩዝ እጅግ የበለጠ ካልሲየም አለው፤ በ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ ወደ 180 ሚሊግራም ይገኛል። ጎመን፣ ከነአጥንቱ የሚበላ የቆርቆሮ ሳርዲንና ካልተፈተገ ሰሊጥ የተሠራ ጣሂና ይረዳሉ። ቆስጣ ካልሲየም ቢኖረውም ሰውነት ብዙውን አይወስደውም። ካልሲየም የተጨመረበት የሶያ መጠጥም ሶያ ካልተከለከለ ይጠቅማል። ይህ ሁሉ ካልበቃ ሐኪሙ ወይም ዲየታኒት የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ ክኒን ይሰጣሉ። የሕፃኑም የቫይታሚን ዲ ጠብታ አይቋረጥ።

ምንም ምልክት ሳይኖር «አለርጂ እንዳይዘው» ብሎ ምግብ መተው አይመከርም። በ2008 የታተመ ጥናት በእንግሊዝ አይሁድ ልጆች ላይ የኦቾሎኒ አለርጂን 1.85 በመቶ ሲያገኝ በእስራኤል ልጆች ላይ ያገኘው 0.17 በመቶ ብቻ ነው፤ የእስራኤል ሕፃናት ኦቾሎኒ የሚቀምሱት ቀደም ብለው ነበር።

ወደ ሥራ ስትመለስ

በ1954 በወጣው የሴቶች ሥራ ሕግ መሠረት ሙሉ ጊዜ የምትሠራ እናት ከወሊድ ፈቃዷ ማብቂያ ጀምሮ ለ4 ወራት በቀን አንድ ሰዓት ከሥራ የመቅረት መብት አላት፤ ደመወዟ አይቀነስም። ይህ ቀድሞ «ሻዓት ሃናካ» ይባል የነበረው፣ አሁን «ሻዓት ሆሩት» የሚባለው ነው። ከፈቃድ በተመለሰች በ60 ቀን ውስጥ ማባረርንም ሕጉ ይከለክላል። ለልጅ ሕመም ደግሞ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ወላጅ በሕጉ ሁኔታ መሠረት ካጠራቀመው የሕመም ቀን በዓመት እስከ 8 ቀን መጠቀም ይችላል። ወደ ሐኪም ስትሄዱ የምትቀበሉትን ወረቀት አስቀምጡ።

ሕፃኑ ማዖን ወይም ሚሽፓሕቶን የሚውል ከሆነ የተከለከለበት ምግብና በድንገት የሚደረገው ነገር በዕብራይስጥ ተጽፎ፣ በሐኪም ተፈርሞ ለተንከባካቢዋ ይሰጥ። በቃል መንገር አይበቃም።

ለአያቶችና ለእናቶች እናት

በአገር ቤት ለአራስ ልጅ ቅቤ ማላስ የተለመደ ነበር። ለዚህ ሕፃን ግን አንድ ጣት ቅቤ አደገኛ ሊሆን ይችላል። አራሷን ለመጠየቅ ስትሄዱ ምን እንደተከለከለች አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ያልተከለከለችውን ደግሞ አጥግባችሁ አብሏት። ምክር የሚሰጣት ሰው ሲበዛ «ሐኪሙ ያዘዘሽ ስንት ምግብ ነው? እስከ መቼስ ነው?» ብላችሁ ጠይቋት። መልሱን ካላወቀችው ለሚቀጥለው ቀጠሮ በወረቀት ጻፉላት።