አሥራ ሁለት ዓይነት ቀሚስ

የሄድኩት ጋቢ ልገዛ ነበር። ደሴ፣ ከሸዋበር መስጊድ ዝቅ ብሎ ካለ ሱቅ ገብቼ ዋጋ ስጠይቅ፣ ባለቤቷ ስልካቸውን ዘረጉልኝና "የተማርክ ትመስላለህ፤ እስቲ እኔን ፈልገኝ" አሉኝ። ጉግል ላይ "የደሴ ሀበሻ ቀሚስ" ብዬ ጻፍኩ። የአዲስ አበባ ሱቆች መጡ፣ አሜሪካ ያሉ ሻጮች መጡ፣ ኤትሲ የተባለው የውጭ መሸጫ ድረ ገጽ መጣ። እሳቸው በሦስተኛውም ገጽ የሉም። "ድሮ መጀመሪያ ላይ ነበርኩ። ሱቄ አልተዘጋ፣ ዕቃዬ አልጎደለ፤ በሩን ማን እንዳዞረብኝ እንጃ ወላሂ!"

ጥያቄው ከጋቢው ጋር የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ገባ። ድረ ገጹን የሠራላቸው የእህታቸው ልጅ እዚያ ኮምፒውተር ይጠግናል። ገጹን ከፍቶ ግርጌውን በማውስ ሲያጠቁረው፣ በነጭ ላይ በነጭ የተጻፈ "ሐበሻ ቀሚስ፣ ሐበሻ ቀሚስ፣ ሐበሻ ቀሚስ" የሚል ረድፍ ብቅ አለ። ሰው እንዲያየው ሳይሆን ማሽን እንዲያነበው ነው። "ከዩቲዩብ ነው የተማርኩት" አለኝ እያፈረ። ትምህርቱ ጊዜው ያለፈበት ነው። ጉግል ፍሬ የሌላቸውን ገጾች ፓንዳ በተባለው ማሻሻያ ወደ ታች ማውረድ የጀመረው በአውሮፓውያኑ 2011 ነው፤ ቃል የሚደጋግሙትንና ሊንክ የሚገዙትን የሚቀጣው ፔንግዊን በዓመቱ ተከተለ።

እኔን የማረከኝ ግን ያ "ሐ" ነው። "ሀበሻ" ስንል የመጀመሪያው ድምፅ በስድስት ፊደል ይጻፋል፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ቀሚስ ላይ ደግሞ ስ ወይም ሥ አለ። ሲባዛ አንዱ ልብስ 12 ዓይነት ይሆናል። በጥንቱ ግእዝ ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ አማርኛ ድምፁን ጥሎ ፊደሉን ይዞ ቀረ። ዩኒኮድ በአውሮፓውያኑ 1999 ፊደላችንን ሲቀበል ለእያንዳንዱ የየራሱን ቁጥር ሰጠው፤ ስለዚህ አገናኝ ካልተባለ በስተቀር ለማሽን ሀ እና ሐ እንደ በ እና ተ ባዕድ ናቸው። ልጁ አማርኛ መምህሩ እንዳስተማሩት በ"ሐ" ጻፈ። ገዢዎቹ በ"ሀ"፣ ውጭ ያሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በላቲን ፊደል ይፈልጋሉ። በ"ሀ"ም በ"ሐ"ም ሞከርኩት፤ የመጣልኝ ዝርዝር የተለያየ ነበር። (ሐረጎንም "ሀረጎ" ብሎ የሚጽፈው ብዙ ነው።)

ተፎካካሪ ጥቂት በነበረበት ጊዜ ይህ ሁሉ ሴትዮዋን አልጎዳቸውም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ግን በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋረጠ። ገጹ አልታደሰም፣ ደንበኛ ቢጽፍ የሚመልስ የለም። ጉግል በበኩሉ የካቲት 26 ቀን 2016 ትልቅ ማሻሻያ ጀመረ፤ ለሰው የማይጠቅም፣ ለፍለጋ ተብሎ የተጻፈ ይዘት እንደሚቀንስ አስታወቀ። ግንቦት ላይ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ከውጤቶቹ በላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ ማጠቃለያ ያሳይ ጀመር። ከሴትዮዋ ገዢዎች ብዙዎቹ ያሉት እዚያው አሜሪካ ነው። "ሰው ሲሞት ለቅሶ ይደረሳል፤ እኔ ግን መሞቴን እንኳ የነገረኝ የለም" አሉኝ።

ኔት ሲቋረጥ ለሚከስሩ ነጋዴዎች ማን እንደሚያስብላቸው አንድ ኃላፊ ጠየቅኩ። "በደብዳቤ አቅርብ" አሉ። አቀረብኩ። መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጠኝ፤ መልስ ግን አልመጣም።

ከሴትዮዋ ጥልፍ ሠራተኞች አንዷ ሄዳለች። አሁን የሚሸጡት በቴሌግራም ነው፤ ከፎቶው ሥር "ዋጋ በውስጥ መስመር" ይላል። ዋጋ ያልተጻፈበትን ዕቃ ደግሞ የትኛውም የፍለጋ ሞተር ከነዋጋው ሊያሳይ አይችልም። ይህን ስነግራቸው "ዋጋዬን ከጻፍኩት ጎረቤቴ በሃምሳ ብር ይቀንስብኛል" አሉ። መከራከሪያ አጣሁ።

ልጁ ነጩን ረድፍ አጥፍቶ ሀ እና ሐን እየቀላቀለ መጻፍ ጀምሯል። ስለ 12ቱ ለማስረዳት ደሴ ተመልሼ ስወጣ፣ ከበሩ በላይ ያለውን ታፔላ ገና ያን ጊዜ አየሁት። ቀለም ቀቢው "ኀበሻ" ብሎ ነው የጻፈው። ስጠቁማቸው ቀና ብለው አዩና፦

"ታዲያ ይህን ማንበብ ያቃተው ሰው ደሴ ውስጥ አለ?"