የአሮጌ ኮምባይነር የማስጠንቀቂያ መብራት ሲሳሳት

በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች ለበርካታ ዓመታት ያገለገሉ ኮምባይነሮች ዛሬም በአጨዳ ላይ ይሰማራሉ። በእነዚህ ማሽኖች የማስጠንቀቂያ መብራት ያለ ምክንያት ሲበራ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከሴንሰሩ ይልቅ የሽቦው ነው፤ አቧራ፣ ዝገትና አይጥ መገናኛዎችን ያበላሻሉና።

ይሁን እንጂ የሞተር ዘይት ግፊት መብራት ከበራ ሞተሩን ወዲያውኑ ማጥፋት፣ የዘይቱን መጠን ማየትና ግፊቱን በሌላ መለኪያ ማረጋገጥ ይቀድማል። ግፊቱ ትክክል ከሆነ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ እንደተከፈተ የባለ አንድ ሽቦው ሴንሰር ሽቦ ይነቀላል። መብራቱ ከጠፋ ሴንሰሩ ይለወጣል፤ ካልጠፋ ሽቦው ተልጦ የማሽኑን ብረት የነካበት ቦታ ይፈለጋል።

የመውቂያውን ከበሮ ፍጥነት የሚከታተለው ሴንሰር ሲሳሳት፣ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ከተነቀለ በኋላ ገለባውን ማጽዳትና ሴንሰሩ ከሚሽከረከረው ክፍል ያለውን ርቀት በአምራቹ መመሪያ መሠረት ማስተካከል ያስፈልጋል።

ከሁሉ የከፋው ግን ጨርሶ የማይበራ መብራት ነው። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ሲከፈት የዘይትና የቻርጅ መብራቶች መብራት አለባቸው። ይህን በየማለዳው ማየትና የተቃጠለ አምፖልን ሥራ ሳይጀመር መቀየር ሞተሩን ከጥፋት፣ የደረሰውንም ሰብል ከብክነት ያድናል።